ወረቀቱ ቢነሣ ሸራው ላይ ምን ይቀራል?

ሸራ ወጣሪ፦ ከተፈጥሮና ከፌሚኒዝም ተነሥታ አብስትራክት (የነገሮችን መልክ በቀጥታ የማይቀዳ ሥዕል) የምትሥል ሴት ሥራዎች ፊት አንድ ሃያሲ ቆሞ፣ «ፌሚኒዝሙ ያለው ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የማብራሪያ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን አንሡትና የሚቀረው ቅጠልና ውኃ ነው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እስካሁን ንዴቴ አልበረደም።

ጠያቂ፦ ሰውየው ምን አጠፋ? አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሄለን ፍራንከንታለር እ.ኤ.አ. በ1952 ከካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ተመልሳ «ተራሮችና ባሕር»ን ስትሥል፣ በተርፐንታይን የቀጠነ ቀለም ምንም ባልተቀባ ሸራ ላይ አፈሰሰች። ቀለሙ ጨርቁ ውስጥ ሰረገ። ሥዕሉን ታላቅ ያደረገው ይህ ነው። እርሷም ብትሆን «ሴት ሠዓሊ» ተብላ ለብቻ መቆጠሩን አልወደደችውም።

ሸራ ወጣሪ፦ ታሪኩን ከመካከሉ አትቁረጠው። በ1953 ሠዓሊዎቹ ሞሪስ ሉዊስና ኬኔት ኖላንድ ስቱዲዮዋ ሄደው ያንን ሥዕል አዩ፤ ዘዴውንም ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ ስንት ሃያሲ የእርሷን ቀለም «ለስላሳ»፣ «ሴታዊ» እያለ ጻፈ! ታዲያ ወረቀቱን የለጠፈው ማን ነው?

ጠያቂ፦ ሉዊስ ከእርሷ መማሩን አልካደም። ሌባ አታድርገው።

ሸራ ወጣሪ፦ ሌባ አላልኩም። ወረቀቱን ማን ለጠፈው ነው ያልኩት፤ እርሱን መልስልኝ።

ጽጌ፦ ሁለታችሁም ዘዴው ላይ ተጣብቃችሁ ቀራችሁ። ሠዓሊዋን ሊ ክራስነርን ተመልከቱ። ባሏ፣ ዝነኛው ሠዓሊ ጃክሰን ፖሎክ፣ ጎተራውን ስቱዲዮ አድርጎ ግዙፍ ሸራ ሲሠራ፣ እርሷ ፎቅ ላይ ባለች መኝታ ክፍል ትንንሽ ሥዕሎች ትሥል ነበር። በ1956 እርሱ ሞተ፤ እርሷም ጎተራው ውስጥ መሥራት ጀመረች። በ1957 የሣለችው «ወቅቶች» ወርዱ ከአምስት ሜትር ይበልጣል። ሮዝና አረንጓዴ ቅርጾቹ ሊፈነዳ እንደ ደረሰ ፍሬ አብጠው ከዳር እስከ ዳር ይገፋፋሉ። ወረቀቱን አንሡት፤ አምስቱ ሜትር የትም አይሄድም።

ጠያቂ፦ ይህ የሕይወት ታሪክ ነው። ስለ ጎተራው ያልሰማ ሰው ከሸራው ላይ ያነብበዋል?

ጽጌ፦ ጎተራውን ባያውቅም መገፋፋቱን ያያል። ዓይን ያለው ሰው ያያል።

የከሰል ሰው፦ ለሴት ሠዓሊ ተቆርቋሪ ነን የምትሉ ሁሉ አሜሪካዊቷን ሠዓሊ ጆርጂያ ኦኪፍን አስታውሱ። በ1920ዎቹ ሃያስያን አበቦቿን የሴት ገላ አድርገው አነበቡ፤ ፎቶግራፍ አንሺው ባሏ አልፍሬድ ስቲግሊትዝም ነገሩን አራገበው። እርሷ ግን ይህንን ንባብ አጥብቃ ተቃወመች። በ1970ዎቹ ፌሚኒስቶች ሲያከብሯትም አብራቸው መሰለፍ አልፈለገችም። ቅጠል ባየን ቁጥር ገላ መፈለግ ይብቃን።

ጽጌ፦ ኦኪፍን እዚህ ምን አመጣት? አበባዋ አበባ ይመስላል። ክርክሩ ስለ አብስትራክት ነው።

የከሰል ሰው፦ በ1915 በከሰል የሠራቻቸውን አይተሻል? አበባ የለባቸውም። ሳያዩ መፍረድ ነው የሚያናድደኝ።

ጽጌ፦ አይቻለሁ! ያነሣኸው ግን አበቦቹን ነው፤ ከሰሉን አሁን አመጣኸው።

ጠያቂ፦ ወደ ነገራችን እንመለስ። ዛሬ ሰፊ ስቱዲዮ ያላት ሠዓሊ ቅጠልና ውኃ ብትሥል፣ ፌሚኒዝሟን የት ላገኘው ነው?

ሸራ ወጣሪ፦ አድማሱን ፈልግ። በተለመደው የመልክዓ ምድር ሥዕል ተመልካቹ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ መሬቱን እንደ ርስቱ ቁልቁል ያያል። ሃያሲው የተቻት ሠዓሊ ግን አድማሱን አጥፍታዋለች። ሰማያዊው ከላይም ከታችም ይመጣብሃል፤ ቆመህ የምታዝበት ቦታ የለህም። ይህ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም፤ ሸራው ላይ ነው ያለው።

ጠያቂ፦ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔም በውኃ አበቦቹ ሥዕል አድማሱን አጥፍቶታል። እርሱንም ፌሚኒስት ልትለው ነው?

ሸራ ወጣሪ፦ ሞኔ የሣለው ዢቨርኒ በተባለው መንደር በራሱ ይዞታ ያሠራውን ኩሬ ነው። አድማሱ ቢጠፋም ባለቤትነቱ አልጠፋም።

ጠያቂ፦ አሁንም የምትነግረኝ ስለ ኩሬው ባለቤት ነው። ስለ ሥዕሉ ንገረኝ።