የማልፈልገው ዓሣ እየያዘ አስቸገረኝ፤ እንዴት ልቀንሰው? ሲይዝስ እንዴት ላላቅቀው?

ጀማሪው (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዓሣ ማጥመድ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። የማጠምደው ጸጥ ባለ ውሃ ዳር ነው፤ ብዙ ጊዜ አመሻሽ ላይ። መንጠቆው ላይ ትል አደርጋለሁ፣ ለክብደት የእርሳስ ብረት አስሬ እወረውራለሁ፣ ትሉ ወለሉ ላይ ጭቃው ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ዘንጉን ድንጋይ ላይ አስደግፌ መጠበቅ ነው።

የምፈልገው ዓሣ ግን አይመጣም። የሚመጣው ወይ እሾሃም አምባዛ ነው፣ ወይ እንደ እባብ የሚጠማዘዘው ኢል ነው፣ ወይ ደግሞ ትሉን ለቅሞ የሚሄድ ጣት የማያክል ትንሽዬ ዓሣ። ኢሉ በተለይ አንጀቴን አሳርሮታል። ክሩን በላዩ ላይ ተብትቦ፣ ልብሴን በዝልግልጉ ለቅልቆ፣ መንጠቆውን እስከ ሆዱ ውጦ ነው የሚወጣው።

እነዚህን እንዴት ልቀንሳቸው? ሲይዙስ እኔም ሳልጎዳ እነሱም ሳይሞቱ እንዴት ላላቅቃቸው? ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ባሕር ላይ ልንሞክር አስበናል። እዚያ ጨርሶ መነካት የሌለበት ዓሣ ካለ ንገሩኝ።

ቡሽ ተመልካች፦
ወንድሜ፣ አንተ የደገስከው ለአምባዛና ለኢል ነው፤ የጠራኸው እንግዳ መጣ፣ ምን ይደረግ! አመሻሽ፣ ትል፣ ጭቃ። ሦስቱም የነሱ ናቸው። ሁለቱም በአብዛኛው ጨለም ሲል ነው ለምግብ የሚወጡት። በዓይናቸው ሳይሆን በማሽተትና በጣዕም ነው የሚፈልጉት። የአምባዛ ጢም ብቻ ሳይሆን ቆዳው ራሱ ጣዕም ይለያል።

ስለዚህ መጀመሪያ ትሉን ከወለሉ አንሳው። ቡሽ እሰርና መንጠቆው ከጭቃው በላይ ከፍ ብሎ እንዲቆም አድርግ። ይቺ ብቻ ብዙ ነገር ትለውጣለች። ከተቻለም በጠዋት ወይም በቀን ሞክር።

ቀጥሎ ትሉን ተው። ትል የማይወድ ዓሣ የለም፤ ችግሩም እሱ ነው። የተቀቀለ በቆሎ ብታደርግ ካርፕና መሰሎቹ ይመጣሉ፤ ኢል ግን እምብዛም ዞር ብሎ አያየውም። አምባዛ አልፎ አልፎ ሊበላው ይችላል፤ ያው ያገኘውን ነው የሚበላው።

ትንንሾቹን በተመለከተ፣ አፋቸው ጠባብ ነው። መንጠቆውን አይውጡትም፤ ትሉን ከጫፍ ከጫፉ እየቆረጡ ይጨርሱታል። ትልቅ መንጠቆ ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ በቆሎ ብትደረድር ይሰለቻቸዋል። መንጋው የሰፈረበት ቦታ ከሆነ ግን አትከራከር፤ ቦታ ቀይር።

ፒንሳ አይለየኝ፦
ቡሽ ተመልካች ስለ ትሉ ያለው ትክክል ነው። እኔ ማላቀቁን ልንገርህ።

አምባዛን ሰው የሚፈራው ጢሙን ነው። ጢሙ ምንም አያደርግም፤ የሚወጋው እሾሁ ነው። በሁለቱ ጎን ክንፎቹ ፊት ላይ አንድ አንድ ጠንካራ እሾህ አለው። ብዙዎቹ ዓይነቶች ጀርባቸውም ላይ አንድ ይጨምራሉ። ጀርባው ላይ ረጅም ክንፍ ያለው፣ ጠፍጣፋ ጭንቅላት ያለው ዓይነት የጀርባ እሾህ የለውም፤ የጎኖቹ ግን አሉት። ዓሣው ሲደነግጥ እሾሁን ይዘረጋና ሥሩ ላይ ይቆልፈዋል። ከተቆለፈ በኋላ ከጫፉ ብትገፋው አይታጠፍም፤ እጅህ ውስጥ ነው የሚገባው። የብዙዎቹ እሾህ መርዝም አለበት፤ ቁስሉ ከመጠኑ በላይ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። እጅህን አርጥብ። ከሆዱ በኩል ግባና አውራ ጣትህን ከአንዱ የጎን እሾህ ኋላ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከሌላኛው ኋላ አድርግ። እሾሁ ወደ ፊት ቀርቶ ጣትህ ከኋላው ይሆናል ማለት ነው። ጭምቅ አድርገህ ያዝ፣ አታወላውል። በሌላው እጅህ አፍንጫው ረጅም በሆነ ፒንሳ የመንጠቆውን አንገት ይዘህ በገባበት መንገድ መልሰህ ግፋው። በተለይ ከትንሹ አምባዛ ተጠንቀቅ፤ እሾሁ እንደ መርፌ የሾለ ነው። በእግሩ ረግጦ ሊይዘው የሚሞክር ሰውም አይቻለሁ፤ እሾሁ የጫማ ሶል ይበሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአፍሪካ ወንዞች ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚለቅ አምባዛ አለ። ድንብልብል ያለ፣ ከንፈረ ወፍራም ነው፤ ጀርባው ላይ ዋናው ክንፍ የለም፣ ጭራው አጠገብ ትንሽዬ የስብ ክንፍ ብቻ ናት ያለችው። እስከ 350 ቮልት ገደማ ይለቃል። እሱን ካየህ ክሩን ቁረጥና ልቀቀው፤ በእርጥብ እጅህ እንዳትሞክረው።

የማታ አጥማጅ፦
ኢልን ለኔ ተዉልኝ። አብዛኛው ሰው ኢል ሲይዝ ክሩን ከፍ አድርጎ አየር ላይ ያንጠለጥለዋል። ትብታቡ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የሚይዘው ነገር ሲያጣ ራሱ ክሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ወደ ኋላም እየሄደ ይቋጥረዋል። አታንጠልጥለው። በቀጥታ እርጥብ ሳር ላይ ወይም የረጠበ ጨርቅ ላይ አሳርፈው።

ከዚያ በጀርባው ገልብጠው። ሆዱ ወደ ላይ ሆኖ በትንሽ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ሲተኛ ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላል። ቀዝቃዛ ውሃ የነከርከው ጨርቅ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። በባዶ እጅ አንገቱን ጨምቆ መታገል ግን ዝም ብሎ ድካም ነው፤ በጨመቅከው ቁጥር ያሟልጭሃል።

መንጠቆውን ከዋጠው አትቆፍር። ከአፉ አጠገብ ክሩን ቁረጥና ልቀቀው። ሆድ ውስጥ የገባን መንጠቆ በፒንሳ ከመጎልጎል ይልቅ ክሩን ቆርጦ መተው የዓሣውን የመትረፍ ዕድል ከፍ ያደርገዋል።

የሚውጠው ደግሞ ለምን እንደሆነ ራስህ ጽፈኸዋል፤ ዘንጉን ድንጋይ ላይ አስደግፈህ ስለምትጠብቅ ነው። ዘንጉን ያዝ። ጫፉ ሲነቃነቅ ቶሎ ሳብ። መቀመጥ የግድ ከሆነብህ ክብ መንጠቆ ግዛ፤ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈው ማለቴ ነው። ብዙውን ጊዜ ከአፉ ጥግ ላይ ነው የሚይዘው። በእሱ ስታጠምድ ግን ዘንጉን በድንገት አትምዘዝ፤ ክሩን ቀስ እያልክ ብቻ ጠቅልል። ከመዘዝከው ወልቆ ይመጣል።

የኢል ጥሬ ደም ዓይንና ቁስል ያቃጥላል። እጅህን ሳትታጠብ ዓይንህን አትሽ።

ሀቀኛው፦
እንደኔ ከሆነ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? የማይፈለግ ዓሣ ዳር ላይ ጥሎ መሄድ ነው። ወደ ውሃው ከመለስከው ነገ ተመልሶ የአንተኑ ትል ይበላል።

የማታ አጥማጅ፦
ሀቀኛው፣ አልስማማም። የአውሮፓ ኢል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በመጥፋት አፋፍ ላይ ካሉ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ነው። እንቁላሉን ለመጣል ከወንዝ ተነስቶ አትላንቲክን እያቋረጠ ሳርጋሶ ባሕር ድረስ የሚሄድ ፍጡር ነው። ትሌን በላብኝ ብሎ ዳር ላይ አድርቆ መግደል ምን የሚሉት ነው?

ቡሽ ተመልካች፦
እኔም ልግባበት። "የማይረባ ዓሣ" የሚባለው እንደ ውሃው ይለያያል። ካርፕን ተመልከቱ። አውሮፓ ውስጥ እሱን ብቻ ብለው ሌሊቱን ሙሉ የሚያድሩ አጥማጆች አሉ። ይዘው፣ መዝነው፣ ፎቶ አንስተው በክብር ይመልሱታል። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ያው ዓሣ ወለሉን እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል ተብሎ እንደ ተባይ ነው የሚታየው።

በእርግጥ መመለስ የሌለበት አለ። ስኔክሄድ የሚባለው የእስያ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ኩሬ ላይ ተገኝቶ አገር ተተረማምሶ ነበር። አየር ስለሚተነፍስ ከውሃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በሕይወት ይዞ መንቀሳቀስ ክልክል ነው። ጎቢ የምትባለዋ ትንሽዬ ትል ሌባም አለች። ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን አካባቢ መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ በሚይዙት ውሃ ተጭና እ.ኤ.አ. በ1990 በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ታየች፣ ከዚያ ወዲህ መንጠቆ አላስጥል ብላለች።

ወራሪ የሆነን ዓሣ ሕጉ ግደል ካለ ትገድላለህ፤ ያውም ወዲያው፣ ሳታሰቃየው። የውሃው የራሱ ነዋሪ ከሆነ ትመልሳለህ። ጀማሪው፣ ከመሄድህ በፊት የምታጠምድበትን ውሃ ደንብ አንብብ።

ሀቀኛው፦
እሺ፣ ስለ ኢሉ አላውቅም ነበር። ስለ አምባዛው ግን አሁንም አፌን አልዘጋም።

ጨው ውሃ፦
ባሕር ላይ ልትሄዱ ነው የተባለውን አይቼ ነው የመጣሁት። እዚያ ላይ ደንቡ አጭር ነው፤ ያላወቅኸውን አትንካ። የሚከተሉትን ግን ለይታችሁ እወቁ።

ስቲንግሬይ፣ ጠፍጣፋው፣ ጭራው እንደ አለንጋ የረዘመው። ጭራው ላይ ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ ያለው መርዛም እሾህ አለው። የአውስትራሊያው የዱር እንስሳት ፕሮግራም አቅራቢ ስቲቭ ኧርዊን እ.ኤ.አ. በ2006 የሞተው ደረቱን በእሱ ተወግቶ ነው። ጀልባ ላይ አታውጡት፤ ውሃው ውስጥ እንዳለ ክሩን ቁረጡ። ጥልቀት በሌለው አሸዋ ላይ ስትራመዱ እግራችሁን አታንሱ፣ እየጎተታችሁ ሂዱ። ንዝረቱን ሲሰማ ራሱ ይሸሻል፤ ከረገጣችሁት ነው የሚወጋው።

ላየንፊሽ፣ ዝንጉርጉሩና ላባ የለበሰ የሚመስለው። መልኩ ያታልላል። 18 መርዛም እሾሆች አሉት፤ 13ቱ ጀርባው ላይ ናቸው። መኖሪያው የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖስ ሆኖ ሳለ አትላንቲክ ገብቶ ብዙ ጥፋት እያደረሰ ነው። ፍሎሪዳ አጠገብ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው።

ፓፈር፣ ሲደነግጥ የሚነፋው። ጥርሱ ክርህን ብቻ ሳይሆን ጣትህንም ይቆርጣል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እንዲነፋ እየነካካ ፎቶ ያነሳል። አየር ላይ ከተነፋ አየሩ ሆዱ ውስጥ ሊቀርና መጥለቅ ሊያቅተው ይችላል። ለመብላትም እንዳታስቡ። በውስጡ ያለው ቴትሮዶቶክሲን የሚባል መርዝ ሲበስል አይጠፋም፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም።

ትንንሽ ሻርኮች ደግሞ አሉ። ቆዳቸው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። ጭራውን ለቅቀህ ጭንቅላቱን ብቻ ከያዝክ ክንድህ ላይ ይጠመጠምና ቆዳህን ይልጠዋል። ጭንቅላቱንና ጭራውን አንድ ላይ አጥፈህ ያዘው፤ አለቀ። አንዳንዶቹ በሁለቱ የጀርባ ክንፎቻቸው ፊት እሾህ አላቸው፣ እሱን ተመልከቱ።

ነርሷ፦
አጥማጅ አይደለሁም፣ ባለቤቴ ነው አጥማጁ። እኔ የምሠራው ጤና ተቋም ውስጥ ነው። እሾህ ከወጋህ ምን እንደምታደርግ ማንም ስላልጻፈ ነው የገባሁት ወንድሜ።

የአብዛኞቹ ዓሦች የእሾህ መርዝ ሙቀት አይወድም። የተወጋውን እጅ ወይም እግር መቻል በምትችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከረው፤ ከ45 ዲግሪ አይበልጥ። ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ድረስ ይቆይ፣ ሲቀዘቅዝ ሙቅ ውሃ ጨምር። ሙቀቱን ግን ባልተወጋው እጅህ ለካ። የተወጋው ስለሚያቃጥለው ሙቀቱን በትክክል አይለይም፣ ሰዎች በዚያ ምክንያት ቆዳቸውን ይቀቅላሉ።

ቁስሉን በንጹህ ውሃና በሳሙና እጠብ። በምላጭ አትብጣው፣ በአፍህም አትምጠጥ። የእሾህ ስባሪ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ፣ እብጠቱ ከጨመረ፣ ወይም ቴታነስ ከተከተብክ ብዙ ዓመት ከሆነህ ሐኪም ይይህ። ደረት ወይም ሆድ ላይ ከሆነ፣ ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ራስህን ካዞረህ ሙቅ ውሃ እያልክ ጊዜ አታጥፋ፤ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ደረት ወይም ሆድ ውስጥ የተሰካ የስቲንግሬይ እሾህም ካለ እንዳይነቀል፤ ሐኪም ያውጣው።

ጀማሪው (ጠያቂ)፦
እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቡሽና በቆሎ ሞክሬ ነበር፤ ዛሬ ኢል የሚባል አላየሁም፣ የያዝኩት ሁለት ካርፕ ነው። አንድ አምባዛ መጣና በተነገረኝ መሠረት ያዝኩት፤ እጄ ውስጥ ሲያጉረመርም ደንግጬ ልለቀው ነበር። ያ ድምፅ ምንድን ነው? ደግሞ ወፍራም ጓንት ብጠቀምስ?

ፒንሳ አይለየኝ፦
ድምፁ ጤናማ ነው፤ ብዙዎቹ ሲያዙ የእሾሁን ሥር መገጣጠሚያው ላይ እየፈተጉ ያሰሙታል። ጓንቱን ግን ብዙ አትመነው። እሾሁ የጨርቅ ጓንት ያልፋል። ደረቅ ከሆነ ደግሞ የዓሣውን ዝልግልግ ይገፈዋል፤ ያ ዝልግልግ ከበሽታ የሚጠብቀው ነው። ግዴታ ከሆነብህ ላስቲክነት ያለውን አርጥበህ ልበስ። እኔ ባዶ እጅ እመርጣለሁ፣ እሾሁ የት እንዳለ ይሰማኛልና።

ጨው ውሃ፦
ባሕር የምትሄዱ ከሆነ ፒንሳውን ስትመለስ በንጹህ ውሃ እጠብና ትንሽ ዘይት ቀባው። አለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ ዝጎ አልከፈት ይልሃል፣ ያውም ዓሣው ዓይንህ ፊት እየተንፈራገጠ።