ጮቄ ላይ ቴሌስኮፕ ብንተክል የጋላክሲ አልትራቫዮሌት እናያለን?

መምህር ዘሞጣ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሞጣ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ኤም 83 የሚባለውን ጋላክሲ በተራ ብርሃንና በአልትራቫዮሌት የተነሱ ሁለት ፎቶዎች ክፍል ውስጥ አሳየሁ። በተራው ብርሃን ጋላክሲው አለቀ የሚባልበት ቦታ፣ በአልትራቫዮሌቱ ገና ሌላ ክንድ ይዘረጋል። አንዷ ተማሪ «እኛስ ጮቄ ላይ ወጥተን ብናይ?» አለችኝ። 4,000 ሜትር ያልፋል፣ የጥቅምት ሰማይም ጥርት ያለ ነው። ምን ልበላት? ዳር ላይ የሚበራውስ ምንድን ነው?

ሰከላ፦
እንጦጦ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ቴሌስኮፖች አሉ። ጮቄ ደግሞ ከእንጦጦ ይበልጣል። ለምን አይቻልም?

የአዴት ልጅ፦
አይቻልም ወገኖቼ! አብዛኛው ኦዞን ያለው ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ጮቄ እግሩ ሥር ነው። ከ300 ናኖሜትር በታች ያለውን ጨረር እዚያው ያስቀረዋል። (ባያስቀረው ደግሞ እኛም አንኖርም ነበር።) ጋሌክስ የተባለችው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2003 የመጠቀችው ለዚህ ነው፤ የምትሠራው ከ135 እስከ 280 ናኖሜትር ነበር። መስታወቷ 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ከእንጦጦዎቹ ግማሽ! ግን ከኦዞን በላይ ናት።

ዳር ላይ የሚበሩት ገና የተወለዱ ግዙፍ ከዋክብት ናቸው። በጣም ስለሚግሉ ብርሃናቸው በአብዛኛው አልትራቫዮሌት ነው፤ ነዳጃቸውንም ቶሎ ይጨርሳሉ። ስለዚህ አልትራቫዮሌት ያየንበት ቦታ ባለፉት 100 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ኮከብ ተወልዶበታል ማለት ነው። የሃይድሮጅን ቀይ ብርሃን ግን የሚያሳየው የመጨረሻዎቹን 10 ሚሊዮን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የኤም 83ን ዳር በእሱ ብቻ ያየ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል። የሬዲዮ ቴሌስኮፖች እዚያ ድረስ የተዘረጋ ሃይድሮጅን ጋዝ ቀድመው አግኝተው ነበር፤ አዲሶቹ ክንዶችም ያንኑ ጋዝ ተከትለው ነው የሚሄዱት።

መምህር ዘሞጣ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያ ጨረሩን ለክቶ ስንት ኮከብ እንደተወለደ ማስላት ይቻላል?

የአዴት ልጅ፦
ጋላክሲው ውስጥ አቧራ ባይኖር ኖሮ አዎ። አቧራው አልትራቫዮሌቱን ውጦ ይሞቅና በኢንፍራሬድ መልሶ ይለቀዋል። ምጣድ እሳቱን ቢጋርድም ግለቱ እንደሚያሳብቅ ማለት ነው። ኤም 82 የተባለውን ሌላ ጋላክሲ ይመልከቱ፦ መሃሉ ላይ ከዋክብት በገፍ ይወለዳሉ፣ በአልትራቫዮሌት ብቻ የለካ ሰው ግን እጅግ አሳንሶ ይቆጥራቸዋል። ሁለቱን ደምሮ ማስላት ነው የሚያዋጣው።

ለልጅቱ፣ በሚያዝያ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ወደ ጮቄ አቅጣጫ፣ ወደ ደቡብ፣ በባይኖኩላር ትፈልገው። የምታገኘው ደብዘዝ ያለ ነጠብጣብ፣ መሃሉን ብቻ ነው። የጋሌክስ ፎቶዎች ግን ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው። የኤም 83ን አውርደው ያትሙላትና ክንዶቹን በማስመሪያ ትለካ፤ ርቀቱ 15 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፣ ቀሪው የእርስዎ ትሪጎኖሜትሪ ነው።