ኬንያ ባሕር ዳርቻ የባሕር ኤሊ ጥበቃ በበጎ ፈቃድ፦ ከባሕር ዳር ለሚነሳ ሰው ምን ያስፈልጋል?

ቆሮሶ_14

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነኝ፣ የዓሣ ሀብት ተማሪ፣ የመጨረሻ ዓመት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለ6 ሳምንት ያህል ኬንያ፣ ዋታሙ አካባቢ በባሕር ኤሊ ጥበቃ በበጎ ፈቃድ ማገልገል አስቤያለሁ። የሚያስከፍሉት ብዙ ናቸው፤ እውነተኛውን ከቱሪስት ማጫወቻው በምን ልለየው? ማታ ዳርቻው ላይ በትክክል የሚሠራውስ ምንድን ነው? ከዚህ ስነሳ ምን ወረቀት ልጨርስ? በመጨረሻም ጣና ላይ እምቦጭ ነቅያለሁ፣ ዓሣ መለካትና መመዝገብም እችላለሁ፤ ይህ ማመልከቻ ላይ ዋጋ አለው ወይስ ዝም ልበል?

ጨው_ውሃ

ክፍያ መኖሩ ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። መኝታ፣ ምግብና ነዳጅ ገንዘብ ይፈጃል፤ አብዛኛው የኤሊ ሥራ የሚንቀሳቀሰውም በዚያ ነው። ቁም ነገሩ ብሩ የት እንደሚገባ ነው። ከመክፈልህ በፊት በጽሑፍ እንዲመልሱልህ ጠይቅ፦ የሚሠሩት በማን ፈቃድ ነው? የመዘገቡትን መረጃ ለማን ያስረክባሉ? ጎጆ የሚጠብቁት የአካባቢው ሰዎች ደመወዝ አላቸው? ኬንያ ውስጥ የባሕር ኤሊ በ2013ቱ የዱር እንስሳት ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ «ፈቃድ አያስፈልገንም» የሚል ካጋጠመህ እዚያው ተወው።

ትልቁ ምልክት ጫጩት ነው። ጫጩቶችን በገንዳ ለቀናት አስቀምጦ ፀሐይ ስትጠልቅ ለእንግዳ በእጅ የሚያስለቅቅ ቦታ የጥበቃ ቦታ አይደለም። ጫጩት ከእንቁላሉ የምትወጣው ሆዷ ውስጥ የቀረ አስኳል ይዛ ነው፤ ያ ስንቋ ነው። አሸዋውን ተሻግራ ያለማቋረጥ ወደ ጥልቁ የምትዋኘው በእሱ ነው። ገንዳ ውስጥ ስትቀዝፍ ከዋለች ስንቋን እዚያው ትጨርስና ዓሣ በሚበዛበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ደክማ ትቀራለች።

ለማመዛዘኛ እንዲሆንህ፦ ዋታሙ ላይ ከ1997 ጀምሮ የሚሠራ ሎካል ኦሽን ኮንሰርቬሽን የሚባል ድርጅት አለ። አጥማጆች መረብ ውስጥ የገባባቸውን ኤሊ ሲያሳውቁት ተቀብሎ፣ ለክቶና መዝግቦ ይለቃል፤ የተጎዳውን ያክማል፤ ጎጆ ይጠብቃል። ሌላ ቦታ ስታይ «እነዚህስ ከነዚህ ሥራዎች የትኛውን ይሠራሉ?» ብለህ ጠይቅ።

የጣናውን ልምድ ጻፈው፣ ግን በቁጥር። «እምቦጭ ነቅያለሁ» ማንንም አያሳምንም። ስንት ቀን፣ ስንት ሰው በቡድን፣ የነቀላችሁትን በምን ለካችሁ፣ የት ደፋችሁት፤ እንዲህ ከሆነ ይነበባል። ዓሣ መለካትህ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። መረብ የያዘው ኤሊ ሲመጣ የሚሞላው ቅጽ አንተ የምታውቀው ነው፦ ቦታ፣ ሰዓት፣ የመረቡ ዓይነት፣ የመረቡ ዓይን ስፋት፣ የእንስሳው ርዝመትና ክብደት። ሞኖፊላመንት መረብ (ከአንድ ወጥ የናይለን ክር የሚሠራው) ጣና ላይ ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ ሰው እዚያ ያለውን ችግር ማስረዳት አያስፈልግም። ልዩነቱ ኤሊ በሳንባ የምትተነፍስ መሆኗ ነው፤ መረብ ይዞ ካቆያት ትሰጥማለች።

ሌሊት_ዙር

ስለ ሥራው እኔ ልጨምር። መጀመሪያ ስለ ወቅቱ፦ እዚያ ዳርቻ አረንጓዴ ኤሊ ዓመቱን ሙሉ ልትጥል ብትችልም በብዛት የምትወጣው ከሐምሌ በፊት ባሉት ወራት ነው። እንቁላሉ የሚፈለፈለው በ2 ወር አካባቢ ስለሆነ አንተ በመረጥከው ጊዜ ከጣይ እናቶች ይልቅ ጫጩትና የጎጆ ቁፋሮ (ጫጩት ከወጣ በኋላ ጎጆውን ከፍቶ ስንቱ እንደተፈለፈለ መቁጠር) ይበዛል። ይህን አውቀህ ሂድ፤ «ኤሊ ሳላይ ተመለስኩ» የሚል ቅሬታ ብዙውን ጊዜ የወቅት ስህተት ነው።

የሌሊት ዙር፣ ማለትም ኤሊና ዱካ እየፈለጉ ዳርቻውን መቃኘት፣ የሚወጣው ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት ተሰልቶ ነው፤ ውሃው ሲሞላ ኤሊዋ በአሸዋ ላይ የምትሳብበት ርቀት ያጥርላታል። የጣና ውሃ የሚሞላውና የሚጎድለው ከክረምት እስከ በጋ ነው፤ የኬንያ ባሕር ግን በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ይጎድላል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ዛሬ ከምሽቱ 3 ሰዓት የወጣ ቡድን ከሳምንት በኋላ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊወጣ ነው። እንቅልፍህ ይዘበራረቃል፣ ይህን ከአሁኑ ተቀበለው።

ዱካ ስታገኝ አትርገጠው። አረንጓዴ ኤሊ ሁለቱን የፊት መቅዘፊያዎቿን እኩል ስለምትስብ ዱካዋ ግራና ቀኙ ትይዩ ነው፣ ስፋቱ 1 ሜትር ገደማ። አፏ እንደ ጭልፊት የጎበጠው ሆክስቢል የምትባለው የኤሊ ዓይነት ግን እያፈራረቀች ስለምትራመድ የተዛነፈ ነው፣ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር። የመውጫም የመመለሻም ዱካ ካለ ሄዳለች ማለት ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ገና ዳርቻው ላይ ናት፣ ባለህበት ቁም። እየወጣች ወይም እየቆፈረች ሳለ ብርሃንና እንቅስቃሴ ካየች ሳትጥል ትመለሳለች። መጣል ከጀመረች በኋላ ግን በቀላሉ አትነሳም፤ የሚሠራውም ያኔ ነው፣ ከኋላዋ ቀርቦ። እንቁላሉ ይቆጠራል (ለአረንጓዴ ኤሊ በአንድ ጎጆ 110 ገደማ የተለመደ ነው)። ጀርባዋ በሚተጣጠፍ ሜትር ከአንገቷ በላይ ካለው ጠርዝ እስከ ኋላ ጫፉ ሁለቴ ይለካል። የጨርቅ የልብስ ሰፊ ሜትር አትውሰድ፤ እርጥበት ይለጥጠውና ልኩ ይሳሳታል፣ ፋይበርግላስ ይሻላል። ኤሊዋን ለመለየት የሚያገለግለውን የብረት ምልክት መቅዘፊያዋ ላይ የሚመታው የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው።

አዲስ ሰው ብዙ የሚያጠፋው እንቁላል ሲዛወር ነው። የሚዛወረው ጎጆው የሙላቱ ውሃ የሚደርስበት ቦታ ከሆነ ብቻ ነው፣ ያውም ከተጣለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ። ከዚያ በኋላ ጽንሱ ከቅርፊቱ የላይኛው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ እንቁላሉን ካዟዟርከው ይገነጠልና ይሞታል። ከላይ የነበረው ወገን ከላይ ሆኖ ነው ባልዲ ውስጥ የሚገባውም፣ የሚወጣውም። አዲሱ ጉድጓድ እናቲቱ የቆፈረችውን ያህል ጠልቆ እንደ እንስራ አንገቱ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ይላል። ጥልቀቱን ማሳጠር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አሸዋው ግን ወደ ላይ በቀረብክ ቁጥር ይሞቃል። በ29 ዲግሪ አካባቢ ወንድና ሴት ይመጣጠናሉ፤ ከዚያ ሲሞቅ ሴት ይበዛል፣ ከ33 ሲያልፍ ደግሞ ብዙው እንቁላል ውስጥ ይሞታል። እጅህ ላይ የትንኝ ቅባት ካለ እንቁላል አትንካ።

ቁፋሮው የሚደረገው ጫጩቶቹ ከወጡ ከ3 ቀን ገደማ በኋላ ነው። ባዶ ቅርፊት ሲቆጠር ከግማሽ በላይ የሆነው ቁራጭ ብቻ እንደ አንድ ይያዛል፤ ፍርፋሪውን ከቆጠርከው የተፈለፈለው ከተጣለው ይበልጥብሃል። ጓንት ግድ ነው። የተበላሸ እንቁላል ሲፈነዳ ፊት ላይ ይረጫል፣ ሽታው ከገበያ ዳር የዓሣ ሆድ ዕቃ የባሰ ነው።

መረብ ውስጥ ራሷን የሳተች ኤሊ ብታገኝ በጀርባዋ አታስተኛት። በሆዷ አስተኝተህ የኋላ ክፍሏን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርግ፣ ጥላ ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናት፣ አፍንጫዋን ግን እንዳትሸፍን። እስክትነቃ ከ4 እስከ 24 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሞታለች ብሎ መጣል የተለመደ ስህተት ነው።

ቢጫ_ካርድ

ወረቀቱን በተመለከተ። ኢትዮጵያዊ ኬንያን ለመጎብኘት ቪዛ አይጠየቅም፤ ጎብኚ ሆኖ መግባትና ፈቃደኛ ሆኖ ማገልገል ግን አንድ አይደሉም። የትኛው ፈቃድ እንደሚያስፈልግህና ማን እንደሚያወጣው ድርጅቱ በጽሑፍ ይንገርህ። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞህ ቢያንስ 10 ቀን በፊት ተከተብ፤ ካርዱ የሚጸናው ከ10ኛው ቀን ጀምሮ ነው፣ አንዴ ከወሰድከው ደግሞ ለዕድሜ ልክ ነው። «የባሕር ዳር ልጅ ወባን ለምዷል» የሚለውን ተወው፤ መከላከያውን ከሐኪም ጋር ተነጋገር። ዶክሲሳይክሊን ካዘዘልህ ከመሄድህ ከ1 ወይም 2 ቀን በፊት ጀምረህ ከተመለስክ በኋላ 4 ሳምንት ትቀጥላለህ። መድኃኒቱ ቆዳን ለፀሐይ ስለሚያጋልጥ ረጅም እጅጌ ያዝ።

ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው በስምና በቀን ነው። ስምህን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ እስከ አያት፣ በሁሉም ወረቀት አንድ ዓይነት ጻፍ። የትምህርት ማስረጃህ ላይ ያለው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ በፈረንጅ የተቀየረውን ጎን ለጎን አስቀምጥ፤ አለዚያ በ2018 የሚመረቅ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት የተመረቀ ይመስላል። ልጆች ያሉበት ፕሮግራም ከሆነ የአሻራ ማስረጃ ሊጠይቁህ ስለሚችሉ ቀድመህ አውጣ። ዶላር ከባንክ ለመውሰድ ፓስፖርትና ቲኬት ስለሚጠየቅ ቲኬቱን ለመጨረሻ ሳምንት አታቆየው።

ስትመለስ ደግሞ የኤሊ ቅርፊትም ሆነ ከእሱ የተሠራ ጌጥ ይዘህ እንዳትመጣ። የባሕር ኤሊ ሁሉ በሳይተስ (ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት) አንደኛው አባሪ ላይ ነው፤ ገበያ ላይ በግልጽ ቢሸጥም ድንበር ላይ ያስይዝሃል።

ቆሮሶ_14

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። አንዲት ነገር ብቻ፦ የግንባር ባትሪዬ ነጭ ብርሃን ነው። ኤሊዋን እንዳይረብሽ ቀይ ፕላስቲክ ባስርበት ይበቃል?

ሌሊት_ዙር

አንድ ንጣፍ ብቻ አይበቃም፣ ነጩ ያልፋል። ሁለት ሦስት አድርገህ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነጭ ግድግዳ ላይ አብራው፤ መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ ካየህ ጨምር። ከተቻለ ግን ራሱ ቀይ አምፖል ያለውን ግዛ፣ መጀመሪያ ስትጫነው በቀይ የሚበራውን። አንዳንዱ ቀይ ላይ ለመድረስ ነጩን አልፎ ነው የሚሄደው፣ ኤሊዋ ፊት ያ አንድ ብልጭታ በቂ ጥፋት ነው።

ሌላ፦ የዋታሙ ሰዎች በስዋሂሊ ሰዓት ሲነግሩህ ልክ እንደኛ ከንጋትና ከምሽት ነው የሚቆጥሩት፤ «ሳ ምቢሊ ኡሲኩ» ያው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው። የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቅ ዙር አትቅጠር።