«ዲስትሮ» በአማርኛ ምን ይባል? ስርጭት፣ ጥንቅር ወይስ ቤት?

ጥያቄ፦

ሰላም ወገኖች። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) መማር ልጀምር ነው። አንድ ጽሑፍ ላይ «የሊኑክስ ስርጭቶች» የሚል አነበብኩና ግራ ገባኝ። ስርጭት ለኔ የሬዲዮ ነው፤ ወይም የበሽታ። እናንተ «ዲስትሮ» የሚሉትን ነገር በምን ቃል ትይዙታላችሁ? ደግሞ ሁሉም «በዚህኛው ጀምሪ» ይለኛል፤ የሁለት ሰው ምክር ግን አንድ ሆኖ አያውቅም። ቃሉ ቢገባኝ መንገዱም የሚገባኝ መሰለኝ።

መልስ፦

እህቴ፣ ግራ ቢገባሽ አይፈረድብሽም። «ስርጭት» የመጣው «ተሰራጨ» ከሚለው ነው። አንድ ነገር ከአንድ ቦታ ተነስቶ በየአቅጣጫው ሲደርስ ተሰራጨ እንላለን። የተሰራጨው ግን ያው አንዱ ነው። ጎንደር የተሰማው ዜና ሐዋሳም ያው ዜና ነው። ዲስትሮ እንዲያ አይደለም።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ከርነሉን ብቻ ነው። ከርነልን «አስኳል» የሚሉ አሉ፤ ደስ የሚል ቃል ነው። እንቁላል ስትሰብሪ መሀል ላይ የምታገኚው ቢጫው ማለት ነው። አስኳሉ ከኮምፒውተሩ ዕቃ ጋር ይነጋገራል፣ ሜሞሪውን ለየፕሮግራሙ ያካፍላል። ግን መስኮት የለውም፣ ብሮውዘር የለውም፣ ፕሮግራም መጫኛ የለውም። እነዚህን ከየቦታው መርጦ፣ አስማምቶ፣ ከአስኳሉ ጋር አሰናድቶ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል። ያ የተሰናዳው ነው ዲስትሮ። ስለዚህ «ጥንቅር» ከ«ስርጭት» ይሻላል፤ መምረጡንና ማዋሐዱን ይናገራል።

እኔ ግን ከሁለቱም የሚበልጥ ቃል በእጃችን አለ ባይ ነኝ። «ቤት»። ቅኔ ላይ ዋሸራ ቤት፣ ጎንጅ ቤት፣ ዋድላ ቤት እንላለን አይደል? ቅኔው ያው ቅኔ ነው፤ ቋንቋውም ያው ግዕዝ። የሚለያየው አካሄዱና ወጉ ነው። ሊኑክስም ልክ እንዲህ ነው።

የዴቢያን ቤት በ1993 ተመሠረተ። መሥራቹ ኢያን መርዶክ የፍቅር ጓደኛውን የዴብራን ስም ከራሱ ስም ጋር አጋጥሞ ነው ስሙን ያወጣለት። ከዚያ ቤት በ2004 ኡቡንቱ ወጣ፤ ከኡቡንቱ ደግሞ ሚንት። «ኡቡንቱ» ራሱ የደቡብ አፍሪካ ቃል ነው፤ ዙሉዎችና ኮሳዎች ይሉታል። እኛ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ» የምንለው ይቀርበዋል። በሌላ ወገን የሬድ ሃት ቤት አለ። ፌዶራ፣ ሮኪና አልማ የዚያ ቤት ናቸው። አርች ለብቻው የቆመ ቤት ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ኡቡንቱ ላይ ቆየሁና አንድ ማታ ፌዶራ ጫንኩ። እጄ ስለለመደ ተርሚናሉን (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍቼ፣ ፕሮግራም ልጭን «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብዬ ጻፍኩ። «ኮማንድ ኖት ፋውንድ»፣ ትእዛዙ አልተገኘም አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ። ያው ነው። ፊደል የሳትኩ መስሎኝ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ለካ አፕት የዴቢያን ቤት ወግ ኖሯል፤ እዚህ ቤት የሚባለው «ዲኤንኤፍ» ነው። አርች ቤት ብሄድ ደግሞ «ፓክማን» ይሆን ነበር። ፋይል መዘርዘሪያው «ኤልኤስ»፣ ከፎልደር ፎልደር መሄጃው «ሲዲ»፣ ቃል መፈለጊያው «ግሬፕ» ግን እንደ ነበሩ ሠሩ። ያን ማታ ነው የትኛው ቋንቋው፣ የትኛው ዘዬው እንደሆነ የለየሁት። አንድ ቤት ብቻ ብቀመጥ ኖሮ ዘዬውን ቋንቋ ብዬ እኖር ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። ሚንት ወይም ኡቡንቱ ጫኚና ቢያንስ ስድስት ወር አትነቃነቂ። ኡቡንቱ ከሆነ ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ የሚታደስ) የሚለውን ያዢ፤ በየሁለት ዓመቱ ነው የሚወጣው፤ አምስት ዓመት ይታደሳል። ቁጥሩም ይነበባል። 24.04 ማለት የ2024 አራተኛ ወር ማለት ነው። ፋይል ማንቀሳቀሱን፣ ፈቃድ መስጠቱን፣ ፕሮግራም መጫኑን በተርሚናል ልመጂ። ከዚያ ሆን ብለሽ ሌላ ቤት ግቢ፤ ፌዶራ ይሁንልሽ። ሰርቨር ላይ መሥራት የምታስቢ ከሆነ የሬድ ሃት ቤት ወግ እንጀራሽ ሊሆን ይችላል። አርችን በእጅሽ መጫን የሦስተኛ ዙር ሥራ ነው። እዚያ ዲስኩን የምትከፋፍይውም፣ ኔትወርኩን የምታስነሺውም አንቺ ነሽ። ብዙ ይማሩበታል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ተስፋ ያስቆርጣል።

ሌላ መልስ፦

ልጆቼ፣ ቃሉን ከኛ ሰፈር ስላመጣችሁት አንድ ነገር ልጨምር። «ቤት» ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ ሸክም ያለበት ቃል ነው። የግጥም ስንኝም ቤት ይባላል። «ቤት መታ» እንላለን። ጉባኤ ቃና ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ነው፤ መወድስ ባለ ስምንት ቤት። እና «ቤት» ሲባል ወጉ ይሁን ስንኙ ከአነጋገሩ ነው የሚለየው። «የዴቢያን ቤት» ብላችሁ ስም ካስከተላችሁለት አያምታታም። ባዶውን ግን አትተዉት።

ስለ መንገዱም የተባለው ትክክል ነው። እኛ ቅኔ ቤት ስንገባ በጉባኤ ቃና ነው የጀመርነው። ሁለት ቤት ሳይሞላልህ መወድስ ልቁጠር ብትል መምህሩ ራሱ ይመልስሃል። ይህች ልጅም በሚንት ብትጀምር ማንም ጀማሪ ብሎ አይንቃትም። እኛም ስንጀምር ሁለት ቤት ነበር የምንቆጥረው።

መልስ፦

ዕድሜ ይስጥልን አባቴ። «ስም ካስከተላችሁለት» ያሉት ልክ ነው፤ ከእንግዲህ እንደዚያ እጽፋለሁ። እግረ መንገዴን አንድ ቃል ልጠይቅዎት። በየሳምንቱ ዲስትሮ የሚቀያይር ሰው አለ። ዛሬ ማንጃሮ፣ ነገ ካሊ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ። «ዲስትሮ ሆፒንግ» ይሉታል። እኔ «ዙረት» እለዋለሁ። ይበዛበታል?

ሌላ መልስ፦

ለሁሉም አትበለው። ተማሪ ከዋሸራ ተነስቶ ዋድላ ቢሄድ ዟሪ አይባልም። አንዱን ቤት ጠንቅቆ ነው የሄደው፤ የሄደበትንም ያውቃል። ዟሪ የሚባለው የገባበትን ሁሉ ከደጃፉ የሚመለስ ነው። እዚያኛው ሰው ላይ «ዙረት» ልኩ ነው። ለመጀመሪያው «ቤት መጨመር» ብትል ያምራል።

ጠያቂዋ፦

«ቤት መጨመር»ን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሚንትን ፍላሽ ላይ ጭኜ ጨርሻለሁ፤ ዛሬ ማታ የወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ልሞክረው ነው። መመሪያው ላይ «ከፍላሹ ቡት አድርጊ» ይላል። እሱንስ «ማስነሳት» ብለው ያስኬዳል? ወይስ «ማስነሳት» የመኪና ብቻ ነው?