ታርጋ የሌለውን የገጠር ትሬል ሞተር ለአስፋልት ማብቃት ይቻላል? (መሐል ሜዳ – ደብረ ብርሃን)

መንዜው፦

ሰላም ለሁላችሁ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፣ የምሠራው መሐል ሜዳ ዙሪያ ነው። ገበሬው ቤት ድረስ መሄድ አለብኝ፤ ላም ምጥ ይዟት መኪና እስኪገኝ አትጠብቅም። ለዚህ ብዬ ሆንዳ ሲአርኤፍ 230 ኤፍ ገዛሁ። አቀበቱ ላይ ጎበዝ ነው፣ ጭቃው ላይም አይታማም፣ በዚህ በኩል አንድም ቅሬታ የለኝም።

ችግሩ ሞተሩ ለመንገድ የተሠራ አለመሆኑ ነው። የፊት መብራት የለውም፣ ቦታው ላይ ያለው ባዶ ፕላስቲክ ነው። ፍሬቻ የለ፣ ክላክስ የለ፣ ስፔኪዮ የለ፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪም የለ። ታርጋም አልነበረውም። የሸጠልኝ ሰው የገዛው ሥራውን ጨርሶ ከተዘጋ ፕሮጀክት ነው። በእጄ ያለው የሽያጭ ውልና የዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) ፎቶ ኮፒ ብቻ ነው፣ ሊብሬ የለም።

መድኃኒት ለማምጣት በሞላሌ በመዘዞ አድርጌ ጣርማ በር ላይ አስፋልቱን ይዤ ደብረ ብርሃን መግባት አለብኝ። አንዳንዴም ወደ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። በሕጋዊ መንገድ መንዳት ነው የምፈልገው፣ ትራፊክ ባየሁ ቁጥር ወደ ጥሻ መግባት አልሻም። ምኑን አስገጥሜ ምኑን ላስቀድም? መብራቱን የሚሠራልኝ ልጅ ነገ አምጣው እያለኝ ነው።

የደብረ ብርሃኗ፦

ወንድሜ፣ ልጁን ትንሽ ቆይ በለው። ለሽቦ አንድ ብር ከማውጣትህ በፊት ወረቀትህን ጨርስ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚለው ግልጽ ነው፤ ሳይመረመርና ሳይመዘገብ፣ ታርጋ ሳይለጠፍበት መንገድ ላይ የሚወጣ ተሽከርካሪ የለም። ሞተር ሳይክልም እዚያው ውስጥ ነው። መብራቱ ቢያበራ፣ ፍሬቻው ቢያምር፣ ሊብሬ ከሌለው ያው ነው።

አሁን የማሳስብህ ያ የዲክላራሲዮን ፎቶ ኮፒ ነው። በደንብ አንብበው። የሻንሲ ቁጥሩ ተጽፎበታል? ከተጻፈ ሞተሩ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያየው። የመሪው አንገት ላይ ተመትቶ ታገኘዋለህ፤ ጭቃውን በጨርቅና በቤንዚን ጥረግ፣ በሽቦ ብሩሽ እንዳትፍቀው፣ የተፋቀ ቁጥር ራሱን የቻለ ጣጣ ያመጣል። የኢንጅኑንም ቁጥር ከጎኑ ፈልግ። ሁለቱንም ፎቶ አንሳ።

ሁለተኛው የቀረጥ ጉዳይ ነው። ፕሮጀክቶች ብዙ ጊዜ ዕቃ የሚያስገቡት ከቀረጥ ነፃ ነው። እንደዚያ የገባ ዕቃ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። ተከፍሎ ከነበረ ደረሰኙ ይኖራል፤ ሻጭህን ጠይቀው፣ እሱም የሸጠለትን ይጠይቅ። ካልተከፈለ ግን ሒሳቡ ተሠርቶ ምን ያህል እንደሚመጣ አሁኑኑ እወቀው፣ ምክንያቱም ከሞተሩ ዋጋ ጋር አስተያይተህ መወሰን ያለብህ ያኔ ነው። ሰነዱ ዋናው ወይም በሚመለከተው አካል የተረጋገጠ ኮፒ መሆን አለበት። ተራ ፎቶ ኮፒ ይዘህ ብትሄድ ተመለስ ነው የምትባለው።

ይህን ይዘህ ትራንስፖርት ቢሮ በአካል ሂድና የሞተሩን ሞዴል በስሙ ነግረህ ለምርመራ ሲቀርብ ምን እንደሚጠብቁ ጠይቃቸው። ስልክ አይበቃም። የሚሉህንም ጻፈው፣ ያንን ወረቀት ለመካኒኩ ስጠው። ከዚያ የሦስተኛ ወገን መድን አለ፣ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው። መንጃ ፈቃድህም የሞተር ሳይክል ምድብ መሆኑን አረጋግጥ፤ የመኪና መንጃ ፈቃድ ስላለኝ ሞተርም እነዳለሁ የሚል ሰው ብዙ ስለሆነ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ወረቀቱ ከጠራ ሌላው የገንዘብና የትዕግሥት ጉዳይ ነው።

አንኮበሬ፦

እኔ በበኩሌ ሽጠው ነው የምለው። ለጠጠርም ለአስፋልትም ከፋብሪካው ተዘጋጅተው የመጡ፣ ሊብሬ ያላቸው፣ ቦሎ የሚለጠፍባቸው ያገለገሉ ሞተሮች አሉ። ዲቲ 125 አለ፣ ኤክስኤል 125 አለ። መብራቱ ከእሱ ጋር የተሠራ ነው፣ ዲናሞው ለዚያ የታሰበ ነው፣ ዕቃውም አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ይገኛል። ያንተ 230 ኤፍ ጎበዝ ሞተር ነው፣ አልክድም፣ ግን ለሜዳና ለገደል ነው የተሠራው። ቀረጥ፣ መብራት፣ ጎማ፣ የሰንሰለት ጥርስ፣ ሁሉም ሲደመር ሌላ ሞተር ሊገዛ ይችላል። ደግሞ አዲስ አበባ ልግባበት ካልክ ከ2011 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ሞተር እንደማያስገቡ አትርሳ።

የጠባሴው መካኒክ፦

አንኮበሬ ያለው ስህተት አይደለም፣ ወረቀቱ ካልተስተካከለ እኔም ሽጠው እላለሁ። ወረቀቱ ከተስተካከለ ግን ይህ ሞተር መሸጥ የለበትም። ቀላል ነው፣ ኢንጅኑ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፣ ራዲያተር የለ፣ ፓምፕ የለ፣ የሚበላሽ ነገር ጥቂት ነው።

ስለ መብራቱ ግን ልምከርህ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ሞተር ዲናሞ የታሰበው ባትሪ ለመሙላትና ካንዴላ ለመተኮስ ነው። የፊት መብራት ከመጀመሪያውም ሒሳብ ውስጥ የለም። ልጁ ገበያ ላይ ያገኘውን ባለ 55 ዋት ሃሎጅን ቢገጥምልህ፣ በ12 ቮልት አራት ተኩል አምፔር ገደማ ይጠጣል። ባትሪህ 6 አምፔር ሰዓት ቢሆን፣ ዲናሞው ካልደረሰለት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ደግሞ ሞተርህ በእግር የሚረገጥ ማስነሻ የለውም፤ በባትሪ ብቻ ነው የሚነሳው። ታኅሣሥ ላይ በውርጭ፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ የመዘዞ አቀበት ላይ ባትሪው ከሞተ በግፊ ነው የምታስነሳው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይለካ። ቮልት መለኪያውን ባትሪው ላይ አድርግና ሞተሩን አስነሳ፣ ጋዝ ስጠው። ከ13.5 እስከ 14.5 ከሆነ መሙያው ደህና ነው። ቀጥሎ መብራቱን በጊዜያዊ ሽቦ አገናኝና አብራው፣ አሁንም ጋዝ ሰጥተህ እይ። ከ13 በታች ከወረደ ባትሪው እየተበላ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፤ አንዱ ከ20 እስከ 25 ዋት የሚወስድ ደህና ኤልኢዲ ማስገባት፣ የኋላውንና ፍሬቻውንም ኤልኢዲ ማድረግ፤ ሌላው የዲናሞውን ጥምጥም በወፍራም ሽቦ እንደገና ማስጠምጠም። እኔ የመጀመሪያውን ነው የምመርጠው። ጥምጥም የሚያውቅ ሰው ካላገኘህ ዲናሞውን ከነጭራሹ ታጣዋለህ።

ኤልኢዲ ፍሬቻ ስታስገባ የድሮው ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው) በጣም ይፈጥናል ወይም አይሠራም፤ ለኤልኢዲ የተሠራ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ይገዛ። ሌላም ነገር አለ፣ መሪው ላይ ፍሬቻ መብራቱን የሚያሳውቅህ አንድ አምፖል ብቻ ካስገባህ የግራውን ስትሰጥ አራቱም ይበራሉ። ኤሌክትሪኩ በዚያች አምፖል አድርጎ ወደ ማዶው ስለሚያልፍ ነው። ሁለት ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ይፈታዋል፤ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም።

የስቶፕ መብራት በፊተኛውም በኋለኛውም ፍሬን መብራት አለበት። የኋላው ከበሮ ፍሬን ስለሆነ ፔዳሉ ላይ በስፕሪንግ የሚሳብ ማብሪያ ትሰቅላለህ፣ አለቀ። የፊቱ የዘይት ፍሬን ነው፤ ቱቦው የታሰረበትን ቡሎን አውጥተህ ማብሪያ ያለውን ቡሎን ትተካለህ። ከዚያ አየሩ በደንብ መውጣት አለበት፣ ማንሻው እጅህ ላይ ስፖንጅ ስፖንጅ ካለ አትንዳው።

ሽቦ ሲዘረጋ ደግሞ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው፣ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረህ እይ። አንገቱ ጋ የተወጠረ ሽቦ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ልባሱ ይላጣል፣ ብረት ይነካል፣ ሌሊት ላይ መብራቱ ድርግም ይላል። ከባትሪው ፕላስ የሚወጣው ዋና ሽቦ ገና ከባትሪው ሳይርቅ ቫልቮላ ይግባበት። አሉታዊውን የምታስርበት ቦታ ላይ ቀለሙ ይፋቅ፣ ንጹሕ ብረት ይንካ።

መንዜው፦

እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ልክ እንዳልሽው ቁጥሩን አስተያየሁት፣ ዲክላራሲዮኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ሻጩ ቀረጡ የተከፈለበት ደረሰኝ እንዳለ ነግሮኛል፣ ዋናውን ሊያመጣልኝ ነው። እስኪመጣ ሽቦ አላስነካም።

የጠባሴው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዘመዴ ከኬንያ የመጣ የሞተር የፊት መብራት አለኝ ይላል፣ ኤልኢዲ ነው፣ ጥሩ ያበራል። ልውሰደው? የጣርማ በር ጉም መቼም ታውቀዋለህ፣ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ እንኳ ከፊትህ ያለው አይሱዙ አይታይም። ጎማና ጥርስስ እንዳለ ይሂድ?

የጠባሴው መካኒክ፦

ከኬንያ የመጣውን አትውሰድ፣ ወይም መጀመሪያ ፈትነው። ኬንያ የሚነዱት በግራ ነው፣ እንግሊዝም ጃፓንም እንዲሁ። ለእነሱ የተሠራ መብራት አጭሩ ሲበራ ከፍ የሚለው ወደ ግራ ነው፤ እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ያ ብርሃን የሚያርፈው ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ነው። ማታ ግድግዳ ፊት አቁመውና አጭሩን አብራ። ከፍ ያለው የብርሃኑ ጫፍ በቀኝ በኩል ከሆነ ለኛ ነው። በግራ ከሆነ ለዘመድህ መልስለት። በጉም ጊዜ ደግሞ ረጅሙን አታብራ፣ ጉሙ ራሱ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ይመለስብሃል። አጭሩን ዝቅ አድርገህ ሂድ፣ የኋላ መብራትህ መብራቱን ግን ከመነሳትህ በፊት ወርደህ እይ፣ አይሱዙው ከኋላ የመጣ እንደሆነ የሚያይህ በእሱ ነው።

ቆላ ወራጅ፦

ጎማና ጥርሱን እኔ ልመልስ፣ ያንን ቁልቁለት ሁሌ ስለምወርደው።

አሁን ያለብህ ባለ ትልልቅ ጥርስ የጭቃ ጎማ ከሆነ አስፋልት ላይ በቶሎ ያልቃል፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ያንሸራትታል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በክረምት ፍሬን ስትይዝ ታየዋለህ። የሞተርህ ቸርኬ ከፊት 21፣ ከኋላ 18 ነው። ለዲቲና ለኤክስኤል የሚመጣው 2.75 በ21 እና 4.10 በ18 ያው የቸርኬ ልክ ነው፣ ጠጠሩንም አስፋልቱንም ይችላል። ስትገዛ ጥርሱ የተቀራረበውን ምረጥ። ሙሉ የአስፋልት ጎማ እንዳታስገባ፣ ወደ ገበሬው ስትወርድ ትወድቃለህ።

የሰንሰለቱ ጥርስ ከፋብሪካው ሲወጣ ከፊት 13 ከኋላ 50 ነው። በዚህ አስፋልት ላይ ኢንጅኑ ይጮሃል እንጂ ፍጥነት የለውም። የፊቱን 14 አድርገው፣ ሌላውን አትንካ። አንድ የፊት ጥርስ ማለት ወደ አራት የሚጠጋ የኋላ ጥርስ ማለት ነው፣ ለውጡ በደንብ ይታወቅሃል። 15 እና 16 የሚሉህን አትስማ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ነው፣ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል፤ እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ የኢንጅኑም ጉልበት በዚያው ልክ ይቀንሳል። መድኃኒትና ዕቃ ጭነህ በረጅም ጥርስ አቀበት ብትገባ ፍሪሲዮኑን ነው የምታቃጥለው።

ካርቡራተሩም ከዚህ ጋር ይሄዳል። አየር ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። ካንዴላውን ፍታና እየው፣ ጥቁር ደረቅ ጥላሸት ካለበት ዋናውን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ቡሎን) አንድ ቁጥር አሳንሰው። አንተ የምትውለው መሐል ሜዳና ደብረ ብርሃን ስለሆነ ለደጋው አስተካክለው። ግን ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርድ ቀን ተጠንቀቅ። ከጣርማ በር እስከ ታች ከፍታው ከ1,800 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ አየሩ ይወፍራል፣ ለደጋ ያሳነስከው ጄት ቆላ ላይ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ኢንጅኑ ይግላል። የወጣውን ጄት በላስቲክ ጠቅልለህ ከመፍቻህ ጋር ያዘው፣ ቆላ የምትሰነብት ከሆነ መልሰው።

ቁልቁለቱን ደግሞ በማርሽ ውረደው። የኋላው ከበሮ ፍሬን ነው ብሎሃል መካኒኩ፤ ከጣርማ በር ደብረ ሲና ድረስ እግርህን ፔዳሉ ላይ ጥለህ ከወረድክ ይግላል፣ ሲግል መያዝ ያቆማል። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሁን፣ ኢንጅኑ ይያዘው፣ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቅህ ንካ፣ ልቀቅ። የጣርማ በሩ ዋሻ ጋ ስትደርስ መብራትህ ቀድሞ ይብራ፣ መነጽርህ ጥቁር ከሆነ ከመግባትህ በፊት አውልቀው።

የደብረ ብርሃኗ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ማርሚታው ተቆርጦ ከሆነ ወይም ውስጡ ባዶ ከሆነ ለምርመራ ከመሄድህ በፊት አስተካክለው፣ ድምፁ ብቻውን ያስመልስሃል። የታርጋው ማሰሪያም ከኋላው ፓራፋንጎ ላይ ጠንካራ ብረት ይሁን፣ በፕላስቲኩ ላይ ብቻ ከታሰረ በጠጠሩ መንቀጥቀጥ ይሰበራል፣ የታርጋ መብራትም ከላዩ ይኑረው። ዋናው ደረሰኝ ሲመጣ ቢሮ ከመሄድህ በፊት እዚህ ጻፍልን፣ ምን ምን ይዘህ መሄድ እንዳለብህ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ።