የአሜሪካ 93.5% ታሪፍ አዘዞ ካለ የሶላር ባትሪ ጋር ምን አገናኘው?

ሶላር_አዘዞ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል። እኔ ጎንደር አዘዞ ላይ ሶላርና ኢንቨርተር እሸጣለሁ፣ ትንሽዬ ሱቅ ነች፣ ዕቃ የማመጣው መርካቶ ካለ ጅምላ ሻጭ ነው። ባለፈው ሳምንት ማራኪ ጸጉር ቤት ያለው ልጅ መጣና መብራቱ ድንገት እልም ሲል ደንበኛ ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ ቁጭ ይላል፣ ተሳቅቄ ልሞት ነው 100 አምፒር ሊትየም ስጠኝ አለኝ፣ እኔም በድሮው ዋጋ ተስማምቼ ቀብድ ተቀበልኩ። ከዛ መርካቶ ስደውል በአንድ ባትሪ 4 ሺህ ብር ጨምሯል! ምነው ስለው "አሜሪካ የቻይና ባትሪ ጥሬ ዕቃ ላይ 93.5 በመቶ ጣለች እኮ፣ ዜና አትሰማም እንዴ" ብሎ አፌን አስያዘኝ። ፈልጌ አነበብኩት ዜናው እውነት ነው፣ አንቲ ዳምፒንግ ምናምን ይላል። ግን እኔ ያለሁት አዘዞ ነው። ይሄ ነገር እውነት እዚህ ድረስ ይመጣል ወይስ ሰውዬው እየበላኝ ነው? የሚያውቅ ያስረዳኝ ቀብድ በልቼ ተቀምጫለሁ።

ትራንዚተሩ፦
እየበላህ ነው ሃሃሃ። ጉምሩክ ስራ ላይ ስላረጀሁ ትንሽ ልበል። ዳምፒንግ ማለት በርካሽ መሸጥ ማለት አይደለም፣ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ይሳሳታል። አንዱ ነጋዴ በራሱ ሰፈር 100 ብር የሚሸጠውን ዕቃ ያንተ ሰፈር አምጥቶ 70 ብር ከሸጠው ነው ዳምፕ አደረገ የሚባለው። ድጎማ ሌላ ነው፣ ኪራዩንም መብራቱንም አባቱ የሚከፍሉለት ልጅ ካንተ ሱቅ አጠገብ ሱቅ ሲከፍት አስበው፣ እሱ ነው። ለሁለቱም የየራሳቸው ምርመራ ይከፈታል ቀረጡም ለየብቻ ነው የሚሰላው።

አሁን የሰማኸው ክስ የተጀመረው ታኅሣሥ 2017 ነው፣ የግራፋይት (ያ የባትሪ ጥሬ ዕቃ ማለት ነው) አምራቾች ተሰባስበው ቻይናዎች እስከ 920 በመቶ ድረስ ዳምፕ ያደርጉብናል ብለው አመለከቱ። ሐምሌ 10 ቀን 2017 ላይ የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር 93.5 በመቶ ወሰነ፣ እሱም ጊዜያዊ ውሳኔ ነበር። ሌላው ሌላው ታሪፍ ሲደመርበት 160 በመቶ አካባቢ ይደርሳል ተብሎ ተዘግቧል። እና ማን ይከፍለዋል? አሜሪካ ያለው አስመጪ! ለዚህ እኮ ነው ቴስላና ፓናሶኒክ እንዳይጣል ሲከራከሩ የነበሩት፣ ኪሳቸው ስለሚነካ። ጅቡቲ ኮንቴነር የሚያራግፈው የኛ ሰው ከዚህ ጋር ምንም የለውም። በስንት ዓመቴ ዲክላራሲዮን (ዕቃ ሲገባ ለጉምሩክ የሚሞላው ወረቀት) ላይ "የአሜሪካ ታሪፍ" የሚል መስመር አይቼ አላውቅም።

ቀበሌ_18፦
ቆይ እኔ ያልገባኝ፣ ርካሽ አድርገው ሸጡልን ብሎ መክሰስ ምን የሚሉት ጥጋብ ነው። እኛንም ዳምፕ ያድርጉን በናታችሁ፣ ጎንደርን በባትሪ ይሙሏት እኔ አልከስም። ደሞ 920 ብሎ ከሶ 93.5 ማግኘት የአራዳ ገበያ ክርክር ነው የሚመስለው፣ ቁጥሩን ከየት ነው የሚያመጡት?

የማራኪው_መምህር፦
@ቀበሌ_18 ጥያቄህ ቀልድ ይመስላል ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። አሜሪካኖቹ ቻይናን የገበያ ኢኮኖሚ አድርገው አይቆጥሯትም፣ ስለዚህ የፋብሪካውን የራሱን ወጪ አናምንም ይሉና ከሌላ አገር የጥሬ ዕቃ የመብራትና የጉልበት ዋጋ ወስደው "ይሄ ዕቃ እውነተኛ ዋጋው ይሄ ነበር" ብለው ያሰላሉ። ያንተን የጤፍ ወጪ በጎረቤትህ መዝገብ እንደማስላት በለው። መጠይቅ ተልኮለት በወጉ ያልመለሰ ደግሞ በመዝገቡ ላይ ከተገኘው ለሱ በማይመቸው መረጃ ይፈረድበታል። በድጎማው ምርመራ ግንቦት ላይ ለአብዛኛው ላኪ 6.55 በመቶ ተብሎ አንዳንዱ ላይ ከ700 በላይ የተጫነው፣ እንዲህ ሰማይ የነካ ቁጥር ስታይ ብዙ ጊዜ መነሻው ይሄ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን የጉዳቱ ነገር ነው። ቀረጥ ለመጣል ዋጋው ማነሱ ብቻ አይበቃም፣ የአገር ውስጥ አምራች መጎዳቱ መታየት አለበት፣ ይሄንን የሚያየው ሌላ ኮሚሽን ነው። እዚህ ጋ ግን የአሜሪካ አኖድ (ከግራፋይት የሚሰራው የባትሪው ክፍል) ፋብሪካ በቅጡ ሳይኖር "ኢንዱስትሪያችን ሳይወለድ ታነቀ" ነው ክርክሩ፣ ኮሚሽኑም ጥር ላይ በመጀመሪያ ደረጃ ተቀበለው። ከከሳሾቹ አንዱ ሲራ የሚባለው ሞዛምቢክ ባላማ ላይ ግራፋይት ቆፍሮ ሉዊዚያና ወስዶ ነው የሚያዘጋጀው፣ ማለት አፈሩ የኛው አህጉር ነው። ሰው ሰራሹ ግራፋይት ደግሞ ወደ 3 ሺህ ዲግሪ አካባቢ ተግሎ ነው የሚሰራው፣ መብራት ርካሽ የሆነበት አገር ያሸንፋል። ቻይና የዓለምን አኖድ ከ90 በመቶ በላይ የያዘችው ዝም ብሎ አይደለም።

ባጃጅ_ፋሲል፦
ሁላችሁም ሰውዬውን ሌባ አደረጋችሁት እኔ ግን ግማሹን ልከራከርለት። እኔ ኤሌክትሪክ ባጃጅ ልገዛ ስል ነው ይሄን ጉድ የተማርኩት። አንደኛ ቻይና ራሷ ባትሪ ለሚልኩ ትመልስላቸው የነበረውን ግብር ከታኅሣሥ 2024 በፈረንጅ ጀምሮ ከ13 ወደ 9 በመቶ አወረደችው፣ ይሄኛው እኛንም ይነካል ምክንያቱም ላኪው ለሁሉም ነው የሚጨምረው። ሁለተኛ ብሩ፣ ሐምሌ 2016 ሳይለቀቅ በፊት ዶላር 57 ምናምን ነበር አሁን ከ130 አልፏል። ሦስተኛ ከመርካቶ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው መንገዱንም ታውቁታላችሁ አልናገርም። ስለዚህ ዋጋ መጨመሩ ይጨምራል፣ ውሸቱ "አሜሪካ" የሚለው ላይ ነው። እንደውም አሜሪካ በሩን ከዘጋች የተረፈው ዕቃ ወደኛ ነው የሚገፋው፣ ሊረክስ ሁሉ ይችላል።

ትራንዚተሩ፦
@ባጃጅ_ፋሲል ልክ ነህ፣ የግብር ተመላሹን ረስቼው ነበር። ግን እሱ ስንት ወሩ ነው፣ ባለፈው ሳምንት በአንዴ 4 ሺህ አያስዘልልም። ሶላር_አዘዞ አንድ ነገር አድርግ፣ ካርቶኑ ላይ የተመረተበት ቀን አለ፣ እሱን እይ። እና ሰውዬውን ኮንቴነሩ መቼ እንደገባ ጠይቀው፣ የዲክላራሲዮኑን ቀን። የቆየ ስቶክ ከሆነ አዲስ ዜና አይነካውም።

ሶላር_አዘዞ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሱቅ የቀረችኝን አንዷን ካርቶን ገልብጬ አየሁ፣ ጎኗ ላይ በትንሹ ተጽፏል፣ ጃንዋሪ 2025። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁለትና የአዲሶቹስ ቀን ስንት ነው የገቡትስ መቼ ነው አልኩት። አየው፣ ሁለቷ ሰማያዊ ምልክት መጣች፣ ዝም አለ። ማታ ሲደውል ስለ አሜሪካ አንድ ቃል ሳያነሳ "አንተ ቤተሰብ ነህ በ1,500 ጭማሪ ውሰድ" አለኝ። የባጃጁን ሂሳብ ስላነበብኩ እሺ አልኩት፣ 1,500ው እውነተኛው ጭማሪ ሊሆን ይችላል ብዬ። ከጸጉር ቤቱ ልጅ ጋር 750 750 ተካፈልን፣ ባትሪው ሐሙስ ይደርሳል። እስከዛ ማሽን ሳይሆን በመቀስ ነው የምቆርጠው እያለ ነው ደንበኞቹን።