ድመቷ አፍንጫዋ ተደፍኖ ምግብ እምቢ አለች፤ ምን ይደረግ?

ጠያቂ፦
ድመቷ 3 ዓመቷ ነው፣ ክብደቷ 3.5 ኪሎ። ማስነጠስ ከጀመራት 5ኛ ቀኗን ይዛለች። መጀመሪያ ቀጭን ውሃ ነበር የሚወርዳት፤ ከትናንት ወዲህ ንፍጡ ወፍሮ ቢጫ ሆኗል፣ ዓይኖቿም ዓይናር ይዘዋል። ምግቡን ጠጋ ብላ ታሸትና ትታው ትሄዳለች። ከሰው የተረፈ አሞክሲሲሊን አለ፤ ልስጣት? እንፋሎትስ ይረዳታል?

መልስ 1፦
አሞክሲሲሊኑን ይተዉት። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ቫይረስ ነው፤ የድመት ሄርፒስ ወይም ካሊሲ። ንፍጥ ቢጫ ስለሆነ ብቻ አንቲባዮቲክ አይሰጥም። የምትበላና ያልደከማት ድመት እስከ 10 ቀን እቤት ብትጠበቅ ችግር የለውም። የእርስዎዋ ግን መብላት ማቆሟ ነው የሚያሳስበው። ድመት ካላሸተተች አትበላም፤ ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ ካልበላች ደግሞ ጉበቷ ስብ መሙላት ይጀምራል፣ ይሄ ከጉንፋኑ የባሰ ነው።

እንፋሎት ይረዳል፣ ቅደም ተከተሉ ከተጠበቀ። መታጠቢያ ቤቱን ዘግተው ሙቅ ሻወር ይልቀቁና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አብረዋት ይቀመጡ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። የፈላ ውሃ ላይ ማጎንበስ አይሞከርም፤ ዘላ ትቃጠላለች። ባሕር ዛፍም ሆነ ሜንቶል ውሃው ውስጥ አይግባ፤ ለድመት መርዝ ናቸው። እንደወጣች ንፍጡ ለስልሶ ሳለ ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ አፍንጫዋ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያሳርፉ። የደረቀውን ቅርፊት በጥፍር አይላጡት፤ ሥሩ ይቆስላል። ከዚያ 0.9 በመቶ ሳላይን (ንጹህ የጨው ውሃ) በየቀዳዳው 1 ወይም 2 ጠብታ። ታስነጥሳለች፣ ጥሩ ነው፣ ይውጣ።

ምግቡ የሚቀርበው ያኔውኑ ነው፣ አፍንጫው ሳይደፈን። ሽታው ጠንከር ያለ እርጥብ ምግብ እስከ 38 ዲግሪ ይሞቅ፤ የእጅ አንጓ ላይ ሲያስቀምጡት ሙቀቱ ብዙም የማይታወቅ ማለት ነው። ብዙ ሰው ጠዋት ያጥናል፣ ከሰዓት ያበላል፣ ከዚያ «አልሠራም» ይላል።

መልስ 2፦
መድኃኒቱን በተመለከተ፦ ፓራሲታሞል በፍጹም። ግማሽ ክኒን እንኳ ድመት ሊገድል ይችላል። የሰው የአፍንጫ መክፈቻም እንዲሁ አይሆንም።

ሐኪም አንቲባዮቲክ ካዘዘ ብዙ ጊዜ ዶክሲሳይክሊን ነው፤ በኪሎ 10 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ለ3.5 ኪሎ 35 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ክኒኑ ደረቁን ከተዋጠ የምግብ ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲድን ቧንቧው ይጠባል። ስለዚህ ወዲያው 6 ሚሊ ሊትር ውሃ በሲሪንጅ ይከተል፣ ወይ ምግብ።

ለዓይኗ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ሳትመረመር እንዳይገባ። ሄርፒስ ብሌኑን አቁስሎት ከሆነ ስቴሮይዱ ያባብሰዋል። ላይሲን የሚባለውን ማሟያ ስጧት የሚሉም ይመጣሉ፤ አይጠቅምም።

ጠያቂ፦
እሺ፣ አመሰግናለሁ። በሲሪንጅ ላብላትስ?

መልስ 1፦
በግድ አይሆንም። አፍንጫው የተደፈነ ድመት እየዋጠ መተንፈስ ስለማይችል ምግቡ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ደግሞም ያንን ምግብ ከዚያ በኋላ እንደጠላችው ትቀራለች። መጀመሪያ አፏን ከፈት አድርገው ምላሷን ይዩ። ለሃጭ ካለና ምላሷ ላይ ቀላ ያለ ቁስል ካዩ ካሊሲ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ማሽተቷ ሳይሆን ሕመሙ ነው የከለከላት፣ እንፋሎት ምንም አይፈይድም። ማስታገሻ ከእንስሳት ሐኪም ነው። ቁስል ባይኖርም እስከ ነገ ካልቀመሰች ይውሰዷት፤ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት መድኃኒት አለ።

መልስ 3፦
አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ነገን አይጠብቁ። ተኝታ ሳለች በደቂቃ ከ40 በላይ ከተነፈሰችም እንዲሁ፤ የደረቷን ከፍ ዝቅ ለ30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ነው።

ንፍጡ ከአንድ ቀዳዳ ብቻ ከመጣ ወይም ደም ካለበት ታሪኩ ሌላ ነው፦ የገባ ሣር፣ የበሰበሰ የጥርስ ሥር፣ ፖሊፕ (ውስጥ የበቀለ ትርፍ ሥጋ)፣ ዕጢ። እዚያ ላይ አንቲባዮቲክ መደጋገም ጊዜ ማባከን ነው፤ እንደ ራጅ ያለ የአፍንጫ ምስል ያስፈልጋል።

ሌላ ድመት ካለ ሳህንና አሸዋቸው ይለይ። ሄርፒሱ ከሰውነት ውጭ ከአንድ ቀን አያልፍም፤ ካሊሲ ግን ደረቅ ቦታ ላይ እስከ ወር ሊቆይ ይችላል። በሳሙና ካጠቡ በኋላ 1 እጅ በረኪና በ32 እጅ ውሃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ያቆዩት፣ ከዚያ በደንብ ያለቅልቁት። ሳይታጠብ በረኪና ቢደፉበት ቆሻሻው ኃይሉን ይበላዋል።